ለመንታ አራሶች የትኛው መኝታ ይሻላል? ከእናት አልጋ ጎን ያሉ አማራጮች

«መንታ ናቸው» ከተባልንበት ቀን ጀምሮ ቤታችን የገባ ሰው ሁሉ የአልጋ መካሪ ሆነ። እህቴ ሁለት የሕፃን አልጋ ካልገዛችሁ ብላ ድርቅ አለች። አማቴ በበኩላቸው «ሰባቱንም ያሳደግሁት ጉያዬ ውስጥ ነው፤ አራስ ልጅ ከእናቱ ሲርቅ ይባንናል» አሉ። አሜሪካ የምትኖረው የባለቤቴ እህት ደግሞ ሳንጠይቃት በመንገደኛ ሻንጣ የሚወዛወዝ መኝታ ላከችልን። ሁሉም የመከረው ከፍቅር ነው። ችግሩ እኛ ያለችን ልደታ ኮንዶሚኒየም ላይ አንዲት መኝታ ክፍል ናት። በሜትር ስንለካት ሦስት በሁለት ከሰማንያ ሆነች። አልጋችንን ግድግዳ አስጠግተን፣ ቁም ሳጥኑን ግርጌ አቁመን ስናበቃ ለልጆቹ የተረፈው አንድ ሜትር ከሃያ የማይሞላ መተላለፊያ ነበር።

ስለዚህ አማራጮቹን በዋጋ ወይም በውበት ሳይሆን በአንድ ጥያቄ መመዘን ጀመርን። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው እንበል። መብራት ጠፍቷል። አንዱ ልጅ ጡት እንደያዘ አንቀላፍቷል፣ ሌላዋ መነጫነጭ ጀምራለች፣ እናት ዓይኗ እየተከደነ ነው። በዚያች ሰዓት የተኛውን ልጅ ማንንም ሳትቀሰቅስ የራሱ ቦታ ላይ በጀርባው ልታስተኛው ትችላለች ወይ? የአንድ ልጅ እናት አጥብታ፣ አስገስታ፣ አስተኝታ ትተኛለች። የመንታ እናት ግን አንዱን ስትጨርስ ሌላው ይጀምራል፤ ሁለተኛውን እያጠባች እንቅልፍ ይጥላታል። አደጋው ያለው እዚያች ደቂቃ ላይ ነው።

ሁሉም አማራጭ የሚያልፍበት ወንፊት

የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2022 ያደሰው ምክር ባጭሩ ይህ ነው፦ ሕፃን ሁልጊዜ በጀርባው ይተኛ፤ ፍራሹ ጠንከር ያለና ለጥ ያለ ይሁን፤ ከተወጠረ አንሶላ በቀር ትራስም፣ ብርድ ልብስም፣ አሻንጉሊትም አይኑርበት፤ ቢያንስ እስከ 6 ወር ከወላጆቹ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ፣ ግን በራሱ መኝታ ይተኛ። በጀርባ ማስተኛት የፈረንጅ ቅብጠት የሚመስለው ሰው አለ። አሜሪካ ውስጥ ወላጆች ልጆቻቸውን በጀርባ እንዲያስተኙ እ.ኤ.አ. በ1994 ትልቅ ዘመቻ ተጀምሮ በቀጣዮቹ ዓመታት በእንቅልፍ ላይ ድንገት የሚሞቱ ሕፃናት ቁጥር በግማሽ ገደማ ቀንሷል።

አማቴ ወዲያው «ቢያቀረሸው ትን ይለዋል!» አሉ። ብዙ ሰው የሚለው ነው፣ መልስም አለው። ሕፃኑ በጀርባው ሲተኛ የአየር ቧንቧው ከላይ፣ የምግብ ቧንቧው ከታች ነው የሚሆነው። ያቀረሸው ወተት ወደ አየር ቧንቧ ለመግባት ሽቅብ መውጣት አለበት። በሆዱ ሲተኛ ግን አቀማመጡ ይገለበጣል። ይህን ሁለት እጆቼን አነባብሬ ሳሳያቸው ዝም አሉ። አመኑ ማለቴ አይደለም፤ ዝም አሉ።

ለመንታ የሚጨመር ነገር አለ። መንታዎች ብዙ ጊዜ ከ37 ሳምንት በፊት ይወለዳሉ፣ ክብደታቸውም ከ2.5 ኪሎ በታች ሊሆን ይችላል። አብሮ መተኛት ይበልጥ አደገኛ የሚሆነው ጊዜያቸው ሳይደርስ ለተወለዱና ክብደታቸው ላነሰ ነው። ስለዚህ «የጎረቤቴ ልጅ ከእናቱ ጋር ተኝቶ ምንም አልሆነም» የሚለው ወሬ አራት ኪሎ ለተወለደ ድንቡሽቡሽ ልጅ እንጂ ለእናንተ ማስረጃ አይሆንም።

አንደኛ፦ ሁሉም በአንድ አልጋ

ወጪ የለውም፣ ይሞቃል፣ ለማጥባት ይመቻል። እኔም ያደግሁት እንዲሁ ነው፤ የማንንም እናት መውቀስ አልፈልግም። ግን መንታ ይዛችሁ አልጋው ላይ ስትተኙ አስቡት። እናት መሃል ከሆነች ፊቷ ለአንዱ ነው፣ ጀርባዋ ለሌላው። ጀርባዋ በኩል ያለው ልጅ ብርድ ልብሱ ፊቱ ላይ ቢወጣ ማን ያያል? ሁለቱንም በአንድ ወገን ካደረገቻቸው ወዲያኛው ከእጇ ይርቅና ጠርዝ ላይ ይወድቃል። አንዱን በእሷና በአባት መሃል ብታደርገው፣ አባት ቀኑን ሙሉ ሲሮጥ ውሎ እንደ ግንድ የተኛ ሰው ነው። በዚያ ላይ አብዛኛው የቤታችን ስፖንጅ ፍራሽ መሃሉ የሰረጎደ ነው፤ ሕፃኑ ወደ ጎድጓዳው ይንሸራተታል። ጋቢውና ትራሱ ሲጨመር ነገሩ ግልጽ ነው።

ፈጽሞ የማይሞከርበት ሁኔታም አለ፦ ከወላጆች አንዱ የሚያጨስ ከሆነ፣ አንድ ሁለት ቢራም ሆነ ጠላ ከተጠጣ፣ እናት በኦፕሬሽን ወልዳ እንቅልፍ የሚያመጣ ማስታገሻ ላይ ካለች፣ ልጆቹ ከአራት ወር በታች ከሆኑ፣ ወይም ከጊዜያቸው በፊት ወይም ከክብደት በታች ከተወለዱ። የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ስታዩ፣ አራስ መንታ ያላት ቤት በሙሉ ማለት ይቻላል እዚህ ውስጥ ትወድቃለች።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ አንድ እውነት ልናገር። ማጥቢያው አልጋ ላይ ነውና አንዳንድ ሌሊት እንቅልፍ ይጥላችኋል። ይህን አስቀድማችሁ እወቁትና ከመተኛታችሁ በፊት አልጋውን አዘጋጁ፦ ትርፍ ትራስ ወደ ሳሎን፣ ከባድ ጋቢ ወደ ቁም ሳጥን፤ ብርድ ልብሱ ከወገብ በታች። ከነቃችሁበት ቅጽበት ልጁን ወደ ቦታው መልሱት። «አልጋ ላይ እንዳልተኛ ብዬ» ሶፋ ላይ ሄዳችሁ ማጥባት ግን ከድጡ ወደ ማጡ ነው፤ ሶፋ ላይ ከሕፃን ጋር ማንቀላፋት ከአልጋው እጅግ የከፋ ነው። ልጁ በትራሱና በእናቱ መሃል ይሰነቀራል።

ሁለተኛ፦ አንድ የሕፃን አልጋ ለሁለቱ

እዚህ ላይ የሚመክሩት ራሳቸው አይስማሙም። አሜሪካኖቹ የመንታ አብሮ መተኛት ደህንነቱ አልተረጋገጠም፣ ከሆስፒታል ጀምሮ ለየብቻ አስተኟቸው ይላሉ። እንግሊዞቹ ግን ትንንሽ ሳሉ በአንድ ሙሉ የሕፃን አልጋ ውስጥ ማስተኛት ይቻላል ይላሉ፤ ቅድመ ሁኔታ ግን አላቸው። ጎን ለጎን፣ ወይም አንዱ በራስጌ አንዱ በግርጌ እግራቸው የየራሳቸውን ጫፍ ነክቶ፣ ሁለቱም በጀርባቸው ይተኛሉ። በመሃላቸው የተጠቀለለ ፎጣ ወይም ትራስ አይገባም። በትንሽ ቅርጫት መኝታ ውስጥ ደግሞ ሁለቱን ማድረግ ፈጽሞ አይሆንም፤ ይጠባል፣ ይሞቃል። አንዳቸው መገላበጥ ሲጀምሩ ይለያያሉ።

የእኔ ፍርድ፦ ሁለት መኝታ የማይገባበት ቤት ከሆነ፣ ይህ ከወላጆች አልጋ በብዙ ይሻላል። ሁለት ካስገባ ግን ሁለት ይግባ። የተጠቀለለችውን ፎጣ የምታስገባ ደግ አክስት በየቤቱ ስለማትጠፋ፣ እገዳውን አስቀድማችሁ ንገሯት። «እንዳይረጋገጡ ብዬ» ትላለች፤ እነሱ ግን በዚያ ዕድሜያቸው ቢረጋገጡም አይጎዳዱም። የሚያፍነው ፎጣው ነው።

ሦስተኛ፦ ሁለት ትንንሽ መኝታ፣ በአልጋችሁ ርዝመት

በሜትር የሚያስብ ሰው የሚወደው ይህን ነው። ሙሉ የሕፃን አልጋ ብዙውን ጊዜ ርዝመቱ 1.20 ሜትር ነው። ሁለቱን በተርታ ብትደረድሩ 2.40 ስለሚሆን ከአልጋችሁ ጎን አይገባም። ትንሹ የአራስ መኝታ ግን ርዝመቱ 90 ሴንቲ ገደማ፣ ወርዱ 50 ነው። ሁለቱ በተርታ 1.80 ይሆናሉ፤ የአዋቂ አልጋ 1.90 ነው። ልክ እንደተሰፋ ልብስ ይገጥማል። እኛም የመረጥነው ይህን ነው።

ጉድለቱ ከአልጋ መውረጃውን መዝጋቱ ነው። እናት በግርጌ በኩል ተንፏቃ መውረድ አለባት፤ ለአንድ ወር በኦፕሬሽን ቁስል ሞክሩትና ትመሰክራላችሁ። እኛ መኝታዎቹን ከአልጋው በአንድ ስንዝር አርቀን፣ የራስጌውን ብቻ ክንዴ እንዲደርስበት አስጠግተን፣ የግርጌውን የባለቤቴ ኃላፊነት አደረግነው። እሱ ከግድግዳው ወገን ወደ ውጭው ተዛወረ፣ እኔ ግድግዳውን ያዝኩ። በሁለተኛው ሳምንት ቦታችንን መልሰን ተቀያየርን፤ የምትነሳው እኔ ነኝ እኮ።

የሚሠራው የት ነው? የተዘጋጀ ከሱቅ መግዛት ይቻላል፣ አናጢ ዘንድም ማሠራት ይቻላል። አናጢ ካሠራችሁ እነዚህን አፍ አውጥታችሁ ንገሩት። የጎን ርብራቡ ክፍተት ከ6 ሴንቲ አይብለጥ፤ መሞከሪያው የለስላሳ ጣሳ ነው፣ ጣሳው ካለፈ ሰፍቷል። እግሩ ሰፋ ብሎ የሚቆም ይሁን እንጂ እንደ ዥዋዥዌ የሚወዛወዝ አይሁን። ጠርዙ ላይ ጌጥ፣ ቀዳዳ፣ ክር የሚይዝ ጉልላት አይኑር። የእኛው አናጢ ለውበት ብሎ ራስጌው ላይ እንደ ዘውድ የተቀረጸ ነገር ጨመረበት። ጥሩ እጅ አለው፤ ግን አስቆረጥነው። ቅር ብሎት በመጋዝ እየቆረጠ «ለቤተ መንግሥት የሚሆን ነበር» አለኝ።

ፍራሹን ስፖንጅ በልክ ከሚቆርጡ ሰዎች ዘንድ ስታስቆርጡ ጠንካራውን ጠይቁ። መዳፋችሁን ተጭናችሁ ስታነሱ ወዲያው መመለስ አለበት፤ የእጃችሁ ቅርጽ ከቀረ የልጁም ጭንቅላት ጉድጓድ ይሠራል። በፍራሹና በጎኑ መሃል ሁለት ጣት ከገባ ልኩ ተበላሽቷል። ሻጩ «ለአራስ ለስለስ ያለው ነው የሚሻለው» ማለቱ አይቀርም። ለእናቱ ወገብ ይሆናል፤ ለልጁ አይሆንም።

አራተኛ፦ ከአልጋ ጋር የሚገጠም መኝታ

አንድ ጎኑ ዝቅ ብሎ ወይም ተከፍቶ ከወላጅ አልጋ ጋር በቀበቶ የሚታሰረው ማለቴ ነው። በ9 ሰዓቱ ፈተና አንደኛ የሚወጣው እሱ ነው፤ እጅ ዘርግቶ ማስተኛት፣ እጅ ዘርግቶ ማንሳት። በኦፕሬሽን ለወለደች ሴት ደግሞ ትልቅ እረፍት ነው።

ግን ከመግዛታችሁ በፊት የራሳችሁን አልጋ ተመልከቱ። እዚህ ከተማ የሚሠራው የእንጨት አልጋ ብዙ ጊዜ ጎኑ ወፍራም ሳንቃ ነው፣ ሳንቃውም ከፍራሹ በላይ ከፍ ይላል። መኝታው ሲጠጋው ፍራሽ ለፍራሽ አይገናኝም፤ መሃሉ ላይ የሕፃን ፊት የሚያክል ቦይ ይፈጠራል። ሰው ሁሉ ያንን ቦይ በብርድ ልብስ ይጠቀጥቀዋል። ይህ ነው የሚያስፈራኝ፤ ጨርቁ በሌሊት ይላላል፣ ልጁ ይሰርጋል። ቀበቶው ከአልጋው ወዲያኛው ጎን ዞሮ በደንብ ካልተሳበ፣ ከፍታቸውም እኩል ካልሆነ፣ ይህ ዕቃ ለእናንተ አልጋ አልተሠራም። በቴሌግራም ፎቶ አይታችሁ ከማዘዛችሁ በፊት ከወለል እስከ ፍራሻችሁ ጫፍ ለኩና ከዕቃው ልክ ጋር አስተያዩት።

ለመንታ ሁለት ያስፈልጋል፣ አንድ በግራ አንድ በቀኝ ይባላል። አልጋው ግድግዳ በተጠጋበት ቤት ይህ ሕልም ነው። አንድ ተገጣሚና አንድ ለብቻው የሚቆም ማቀላቀል ይቻላል። አንዱ ልጅ በአንዱ፣ ሌላው በሌላው ብላችሁ አታስለምዱ እንጂ አቀያይሩ፤ አንደኛው ሁልጊዜ ራቅ ብሎ እንዳይቀር።

ታጣፊው፣ መሬት የሚነጠፈው

የመረብ ጎን ያለው ታጣፊ አልጋ ለጠባብ ቤት አይከፋም። ማስጠንቀቂያው አንድ ብቻ ነው፦ ፍራሹ ቀጭን ነው ብላችሁ ሌላ ስፖንጅ አትጨምሩበት። የቀጠነው ተፈልጎ ነው፤ የጨመራችሁት በመረቡና በፍራሹ መሃል መሰንቀሪያ ይከፍታል። መሬት ላይ ጠንካራ ፍራሽ አንጥፎ ማስተኛትም መውደቅን ያስቀራል። የአዲስ አበባ ወለል ግን በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ይበርዳል፣ የሰው እግርም አለ። የምጠቀመው ሌላ ሲጠፋ ነው።

ዘንበል ያሉትና ጎጆ የሚመስሉት

ወደ አሜሪካው ስጦታ ልምጣ። ያማረ ነገር ነው፤ ይወዛወዛል፣ ይዘፍናል፣ ጀርባው ዘንበል ያለ ነው። ዘንበል ባለ ነገር ላይ የተኛ አራስ አገጩ ደረቱ ላይ ይደፋና ጠባብ የአየር ቧንቧው ይታጠፋል። እ.ኤ.አ. በ2019 ፊሸር ፕራይስ የተባለው የሕፃናት ዕቃ ኩባንያ «ሮክ ኤን ፕሌይ» የተባለውን ዘንበል ያለ መኝታ ከ30 በላይ ሕፃናት መሞታቸው ከተዘገበ በኋላ 4.7 ሚሊዮን ገደማውን ከገበያ ሰብስቧል። በ2022 ደግሞ የአሜሪካ ሕግ ከ10 ዲግሪ በላይ ያዘነበሉ የሕፃን መኝታዎችን፣ በአልጋ ዙሪያ የሚታሰሩትን በስፖንጅ የተሞሉ መከለያዎችም ጨምሮ ከለከለ። እዚያ የተከለከለው ዕቃ በሻንጣ ወደዚህ ሲመጣ ግን ማንም አይጠይቀውም። የእኛው ስሙ ሌላ ቢሆንም ዘንበል ያለ ነውና ቀን ቀን፣ እኔ እያየኋቸው፣ ነቅተው ሳሉ ብቻ ይቀመጡበታል። እንቅልፍ ሲወስዳቸው ይነሳሉ። የመኪና ወንበር፣ የማጥቢያ ትራስ፣ ጠርዙ የተነፋ «ጎጆ» ሁሉ እዚሁ ውስጥ ይገባሉ። ላኪዋን ማስቀየም አልፈለግንም፤ ፎቶ ስንልክላት ዓይናቸው ተከፍቶ ነው።

ብርዱስ?

ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነን፤ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች የሚወርድበት ወር አለ። «ባዶ አልጋ ላይ በጀርባ» ሲባል የሁሉም ጥያቄ ይህ ነው። ልጁን እንጂ አልጋውን አታልብሱ፦ እናንተ ከለበሳችሁት አንድ ድርብ የበለጠ ይልበስ። ልብስ ሰፊ ዘንድ ከስስ ብርድ ልብስ ጨርቅ እጅጌ የሌለው የመኝታ ከረጢት ማሰፋት ቀላል ነው፤ አንገቱ ጭንቅላቱን የማያሾልክ መሆኑን ብቻ አረጋግጡ። ሙቀቱን በእጁ አትለኩ፣ የአራስ እጅ ብዙ ጊዜ ቀዝቃዛ ነው። ማጅራቱን ወይም ደረቱን ዳስሱ፤ ላብ ካለው አንድ ልብስ ይነሳለት። ቤት ውስጥ ለመኝታ ኮፍያ አያስፈልግም፣ ሐኪም ካላዘዘ በቀር፤ ይንሸራተትና ፊቱን ይሸፍናል። በጨርቅ መጠቅለልም በጀርባው ሲተኛ ብቻ ነው፤ ለመገላበጥ ሙከራ ሲጀምር ያበቃል።

ክፍሉን በከሰል ማሞቅ ግን አይነሳ። የአራስ ቤት እጣንና ቡና በሚል ምድጃው መኝታ ክፍል ይገባል፣ ጠያቂው ሲወጣ በሩ ይዘጋል፣ ፍሙ ይረሳል። የከሰል ጭስ ባይታይም የሚገድለው ጋዝ አለ፤ ለአዋቂውም ለሕፃኑም። ምድጃው ሳሎን፣ መስኮቱ ክፍት። መብራት ሲጠፋም ሻማ ከልጆቹ መኝታ አጠገብ አታቁሙ፤ ባትሪ ይሻላል።

ሆስፒታሉ ልጆቹን በካንጋሮ እንክብካቤ ካስወጣላችሁ፣ ሲስተሯ ያሳየቻችሁን ደረት ለደረት አያያዝ ቀጥሉ፤ ዝቅተኛ ክብደት ላላቸው በብዙ የሚጠቅም ነው። ሁለቱን በየተራ፣ ወይም አንዱን አባት መያዝ ይችላል። ያዢው እንቅልፍ ሲመጣበት ምን ማድረግ እንዳለበት ግን ከመውጣታችሁ በፊት ጠይቋት።

ያገለገለ አልጋ ሲሰጣችሁ

ሰው ልጁ ያደገበትን አልጋ ሲሰጥ እምቢ አይባልም፤ መፈተሽ ግን ነውር አይደለም። ያዙና ነቅንቁት፤ ከተነቃነቀ ብሎን ጎድሏል። በገመድ ወይም በሽቦ የታሰረ ቦታ ካለው አይሆንም። ጎኑ ወደ ታች የሚንሸራተተውን ዓይነት ተውት፤ መቆለፊያው እየለቀቀ ልጆች ስለተሰነቀሩበት አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ እንዳይሸጥ ከልክላዋለች። ፍራሹን አዲስ አስቆርጡ፣ የድሮው መሃሉ የሌላ ልጅ ቅርጽ ይዟል።

ልጃችን በአራት ወሩ ተገለበጠ፣ እህቱ ሦስት ሳምንት ዘገየችበት። አልጠበቅናትም፤ አንዱ በእጁ ሲገፋ ወይም ሲገላበጥ ትንሹ መኝታ ለሁለቱም አብቅቷል። ጎኑ ከፍ ያለ ሙሉ አልጋ ሁለት አስገባን፣ ለዚያ ሲባል ቁም ሳጥኑ ወደ ሳሎን ወጣ። ዘውድ የተቆረጠባቸውን ሁለት ትንንሽ መኝታዎች ባለፈው ወር ለታችኛው ፎቅ ጎረቤታችን አወረድንላት። ብሎኖቹን በፌስታል ቋጥሬ ከእግሩ ጋር አሰርኩት፣ ፍራሹን ግን አስቀረሁ። «ፍራሹስ?» አለችኝ። ስፖንጅ የሚቆርጠውን ሰውዬ ስልክ ሰጠኋት።